በወር አበባ ጊዜ የሚመጣ ሽታ፦ የትኛው ጤናማ ነው? የትኛው ሕክምና ይፈልጋል?

የወር አበባ ደም የራሱ ጠረን አለው። ብረት ብረት የሚል ሽታ ከራስሽ አልፎ ለሌላ ሰው የማይሰማ ከሆነና ደሙ ሲቆም አብሮ ከጠፋ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ሽታው ሞዴሱ ላይ ከከበደ፦ ደም ከላብ ጋር ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። ደሙ ትንሽ ቢሆንም ሞዴሱን በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ቀይሪ። ታምፖን (ብልት ውስጥ የሚገባ የደም መምጠጫ) ከ8 ሰዓት በላይ አይቆይ። የጨርቅ ሞዴስ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ሽቶ ያለው ሞዴስ ግን ቆዳ ያስቆጣል እንጂ መፍትሄ አይሆንም።

የዓሣ ሽታ ከስስ ግራጫማ ፈሳሽ ጋር ከመጣ፦ ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ (የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት) ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ብልት ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፤ ይህን አሲድ የሚሠሩት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ ሲመናመኑ ሌሎቹ ይበዛሉ። የደም ፒኤች 7.4 ገደማ ስለሆነ አሲዱን ያዳክመዋል፤ ሽታው በወር አበባ ሰሞን የሚብሰውም ለዚህ ነው። ብዙ ሴቶች ንጽሕና የጎደላቸው እየመሰላቸው ውስጡን በሳሙና ይታጠባሉ። ይህ የቀሩትን ላክቶባሲለሶች ጠርጎ ችግሩን ያባብሰዋል። እባክሽ ውስጡን ተዪው፤ ራሱን ያጸዳል። ውጭውን ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ሐኪም በብዛት የሚያዘው ሜትሮኒዳዞል የሚባል ፀረ ባክቴሪያ 500 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ሽታው ቀድሞ ቢጠፋም መድኃኒቱን ጨርሺ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ምርመራውን አታዘግዪ፤ ያለጊዜው ከሚመጣ ምጥ ጋር ይያያዛል።

ፈሳሹ አረፋማና ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ሽንት ካቃጠለሽ ትሪኮሞናስ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። ወንዱም አብሮ ካልታከመ ተመልሶ ይይዝሻል።

ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ብርቱ ማሳከክ ኖሮት ሽታ ከሌለው ፈንገስ ይጠረጠራል። ከባለፈው የተረፈ ሜትሮኒዳዞል አትውሰጂ፤ ፈንገስን አይገድልም።

የበሰበሰ ነገር ሽታ ድንገት ከመጣ ውስጥ የተረሳ ታምፖን ይኖር ይሆናል። እጅሽን ታጥበሽ፣ ቁጢጥ ብለሽ በጣትሽ ፈልጊው። ካልደረስሽበት ሐኪም ያውጣው፤ በመቆንጠጫ አትሞክሪ። ከ38.9 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ማስመለስ ወይም ራስ ማዞር ካለ በደም ውስጥ የሚሰራጭ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ከእንብርት በታች ሕመምና ትኩሳት ከሽታው ጋር ከመጡም በዚያው ቀን ታዪ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ማሕፀን ቱቦ ከወጣ መካንነት ሊያስከትል ይችላል።