ኦክቴን ጉልበት አይደለም፦ ቱርቦ መኪና ይዘው ጅማ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

በቀደም ጋራዥ ተራዬን ስጠብቅ አንድ ልጅ ቱርቦ ጎልፍ ይዞ መጣ። «አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ 98 ኦክቴን ቤንዚን ካልቀዳህ ሞተሩ ይሞታል አለኝ። የት ነው የማገኘው?» አለ። መካኒኩ ሳቀበት። «እዚህ ማደያ ስትገባ ምርጫህ ሁለት ነው፤ ቤንዚን ወይ ናፍጣ!» ልጁ ግን አልሳቀም። ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ክርክሩ ውስጥ ገባ። ብዙ ስህተት ሰማሁ፤ ግማሹን እኔም ሠርቼዋለሁ።

ኦክቴን ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል ማለት

ይህ ዋናው ነው። ኦክቴን የቤንዚኑ የትዕግስት ልክ ነው። ሲሊንደር ውስጥ አየርና ቤንዚን ሲጨመቅ ይግላል። ካንዴላው ብልጭ ካለ በኋላ እሳቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራ በተራ መሄድ አለበት። ትዕግስት የሌለው ቤንዚን ግን እሳቱ ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳል። ጀበናውን ሳታወጡት የገነፈለ ቡና በሉት። ዳገት ላይ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ ሲንኳኳ የሚመስል ድምፅ የምትሰሙት ያኔ ነው። ከበዛ ፒስተን ይበላል።

ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ወይም ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ ሞተር አጥብቆ ስለሚጨምቅ ታጋሽ ቤንዚን ይፈልጋል። ቪትዝ ላይ 98 ብትቀዱ ግን ትርፉ ወጪ ነው። ከአንድ ሊትር 98 የሚገኘው ኃይል ከአንድ ሊትር 91 ይህን ያህል አይበልጥም። ጥቅሙን የሚያየው በዚያ ትዕግስት ተማምኖ ካንዴላውን ቀደም አድርጎ እንዲተኩስ የተሠራ ሞተር ብቻ ነው።

የአሜሪካን ቁጥር ከአውሮፓ ቁጥር ጋር ማወዳደር

ጋራዡ ውስጥ ብዙ የተጮኸው በዚህ ነበር። አንዱ «የኔ 91 ነው የሚለው፣ የሱ 95 ነው፣ ስለዚህ የሱ ይበልጣል» ይላል። የተናጋሪው መኪና ከአሜሪካ የመጣ ነው። አውሮፓ የምትጽፈው አር ኦ ኤን የሚባለውን ልኬት ነው። አሜሪካ ደግሞ እሱንና ኤም ኦ ኤን የሚባለውን ጠበቅ ያለ ልኬት ደምራ ለሁለት ታካፍላለች። ስለዚህ የአሜሪካ 91 ከአውሮፓ 95 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ 93ቱ ደግሞ ወደ 98 ይጠጋል። ሁለቱ ሰዎች የተጨቃጨቁት ስለ አንድ ቤንዚን ነበር!

የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን አንብቡ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «ግዴታ ነው» ይላል ወይስ «ይመከራል» የሚለውንም እዩ። የሚመከር ብቻ ከሆነ ዝቅ ባለው ቤንዚን ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ሰዓት ያዘገያል፤ ትንሽ ጉልበት ታጣላችሁ፣ ሞተሩ ግን አይጎዳም።

«ጅማ ደጋ ነው፣ ችግር የለም»

ግማሽ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ቱርቦ የሌለው ሞተር ብዙ አይንኳኳም። አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶን በመሰሉ ተራራማ ግዛቶች 85 የሚሸጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ቱርቦ ግን አየሩን ራሱ ጨምቆ ያስገባል፤ ደጋውን አያውቀውም። ደግሞስ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ጊቤ በረሃ አለ አይደል? ወርዳችሁ፣ በዚያ ሙቀት፣ አምስት ሰው ጭናችሁ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ እየረገጣችሁ ስትወጡ ነው ሞተሩ የሚመታው። ማርሽ ቀንሱ፣ እግራችሁንም ከነዳጁ ላይ አላላ አድርጉ።

የሃይላንድ ቤንዚን

ሰልፍ ሰልችቶኝ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ገዝቼ አውቃለሁ። ጅሬን ዳገት ላይ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሳልደርስ፣ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል። ላምባ ኦክቴኑ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሽ ከገባበት ይበቃል። በዓይን አይለይም። ስለ 95 እና 98 የሚጨነቅ ሰው ይህን መግዛቱ ነው የሚገርመኝ።

ኦክቴን መጨመሪያ ጠርሙስ

ጠርሙሱ ላይ «30 ፖይንት ይጨምራል» ሲል ሰው 95ቱ 125 የሚሆን ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አንድ ፖይንት ማለት የአንድ ኦክቴን አሥረኛ ነው። 30 ፖይንት፣ 3 ቁጥር። እሱም በትክክል ከተለካ ነው። ማንጋኒዝ ወይም ብረት ያለባቸው ደግሞ ካንዴላው ላይ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተዋሉ።

አንድ ጊዜ ቀድቶ መፍረድ

«98 ቀድቼ መኪናው በረረ» የሚል ሰው አይጠፋም። ከአዲስ አበባ ሞልቶ የመጣ ነው፤ ስሜቱ ነው የበረረው። ማወዳደር ከፈለጋችሁ ሙሉ ቅዱ፣ ኪሎ ሜትሩን ያዙ፣ እንደገና እስኪሞላ ቅዱ፣ ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ አካፍሉ። አንድ መንገድ፣ አንድ ዓይነት ጭነት፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ። በቴሌብር ስትከፍሉ ደረሰኙ ስልካችሁ ላይ ይቀራልና ማስታወሻ አያስቸግርም። ነዳጁ 10 በመቶ ከተወደደ በሊትር የምትሄዱት መንገድም 10 በመቶ መጨመር አለበት፤ አለበለዚያ ከስራችኋል።

የጎልፉ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ሆነ። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሲያየው የቀድሞው ባለቤት ለ98 ሪማፕ አስደርጎት (የሞተሩን ፕሮግራም አስቀይሮት) ኖሯል። ጓደኛው በከፊል ትክክል ነበር ማለት ነው። ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም መለሱለት፤ ልጁ ጉልበቱ ቀነሰ ብሎ እያኮረፈ ሄደ።