የቆመን ሰው በሁለት ደቂቃ እንዴት መንደፍ ይቻላል?

ሮማኒያዊው ሰዓሊ ኒኮላዬ ግሪጎሬስኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1877 ሀገሩ ከኦቶማን ቱርክ ጋር ለነፃነቷ ስትዋጋ አብሮ ዘምቷል። የያዘው እርሳስና ወረቀት ነበር። ዘብ የቆመውን ወታደር፣ የሚሮጠውን፣ እየተነዳ የሚያልፈውን ምርኮኛ በጥድፊያ ይነድፋል። ጦር ሜዳ ላይ “እባክህ እንዳትነቃነቅ” የሚባል ሰው የለም። በ1885 የጨረሰው ትልቁ የስምርዳን ውጊያ ሥዕሉም መነሻው ያ ጦርነት ነው።

እናንተ መዝመት አይጠበቅባችሁም። ሰው ቆሞ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ ይሆናል። ለስላሳ እርሳስ (4ቢ ወይም 6ቢ) ወይም የሥዕል ከሰል፣ ርካሽ ወረቀትና ደቂቃ የሚቆጥር ስልክ ያዙ። ወረቀቱ ውድ ከሆነ እጅ ይፈራል። ላጲሱን ቤት ተዉት።

መጀመሪያ ሳትስሉ ዐሥር ሰከንድ ያህል እዩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሰውዬው ክብደት ያረፈው በየትኛው እግሩ ላይ ነው?

ከዚያ ከአናቱ ተነስታችሁ እስከዚያ እግር ድረስ አንድ ረጅም መስመር ሳታቋርጡ ጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጎበጥ ይላል። እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደግማችሁ እዩ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ሰው አንድ እግሩ ላይ ተጭኖ ሲቆም በዚያ በኩል ያለው ዳሌው ከፍ ይላል፤ የዚያው በኩል ትከሻው ደግሞ ሚዛን ለመጠበቅ ዝቅ ይላል። ሁለቱን በሁለት አጫጭር ዘንበል ያሉ መስመሮች አመልክቱ። ትክክል መሆኑን ለማወቅ እርሳሳችሁን ከፊታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ። ከአንገቱ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ በቀጥታ ወደ ታች ስትወርዱ ክብደት የያዘው እግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ መድረስ አለባችሁ። ወረቀታችሁ ላይ ካልደረሰ የሳላችሁት ሰው ሊወድቅ ነው፤ ምንም ያህል ብታስውቡት አይድንም።

ልኬት ላይ ብዙ አትጨነቁ። የቆመ አዋቂ ሰው ቁመቱ የራሱ (ከአናት እስከ አገጭ) ርዝመት ሰባት ተኩል እጥፍ ያህል ነው፤ አጋማሹ ብሽሽቱ አካባቢ ይውላል። ጀማሪ ሁሉ የሚስለውን ሰው ራስ ያተልቅና እግሩን ያሳጥራል።

ቀጥሎ ከሰሉን አጋድማችሁ ጥላ ያለበትን ጎን በአንዴ አጥቁሩ። የልብስ ቁልፍና ጣት እየለቀማችሁ አትሳሉ። ፊቱንም ተዉት፤ አፍንጫ ካማራችሁ ሌላ ቀን የፊት ሥዕል (ፖርትሬት) ሳሉ። የተሳሳተ መስመር ካለ ትክክለኛውን ላዩ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ድገሙት።

ሰውዬው ቢንቀሳቀስስ? መንቀሳቀሱማ አይቀርም። ጅምሩን እንዳለ ትታችሁ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ጀምሩ። የሚሠራ ሰው እንቅስቃሴው ይደጋገማል፤ የሚቆፍር ሰው ዶማውን መልሶ ማንሳቱ አይቀርም። አቋሙ ሲመለስ እናንተም ወደ ጅምራችሁ ተመለሱ። (ግሪጎሬስኩ በኋላ ስሙ የተነሳበት የበሬ ጋሪ ቢያንስ ቀስ ይላል።)

ስትለማመዱ ከ30 ሰከንድ ጀምሩ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ በመጨረሻ አምስት። ከአምስት ካለፈ እጅ ማሽሞንሞን ይጀምራል።

ከሰል ሲነካ ይለቃል። ማቆየት የምትፈልጉት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ፊክሳቲቭ (ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ ስፕሬይ)፣ ካጣችሁም ተራ የፀጉር ስፕሬይ ንፉበት። መስኮት መክፈት አትርሱ።