አቀበት ላይ የሚፈላ የጭነት መኪና፦ ቴስታታ ከመፍታታችሁ በፊት ክዳኑን እዩ

ውሃውን፣ ዘይቱን፣ ችንጋውን (ፋኑን የሚያዞረውን ቀበቶ) እና የራዲያተሩን ፊት ያፈነውን ገለባ አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ አቀበት ላይ ይፈላል

ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ የሙቀት መለኪያው አይነቃነቅም። ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ቀስቱ ይነሳል፤ እኩሌታው ላይ ውሃውን ይተፋል። ሾፌሩ ወዲያው ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል፣ ይጠረጥራል። እኔ የራዲያተሩን ክዳን አያለሁ።

ክዳኑ መክደኛ ብቻ ሳይሆን ግፊት የሚይዝ ቫልቭ ነው። ደጀን ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጭነት የያዘ ሞተር ደግሞ ጤነኛም ሆኖ እዚያው አካባቢ ይሠራል። የግፊት ቁጥሩ 0.9 ተብሎ የታተመበት ደህና ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ግን ምንም ያልሆነ ሞተር ይፈላል።

አንድ ጊዜ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) የተቀየረለት አይሱዙ መጣልኝ። ክዳኑን ስከፍት ከሥሩ በአራት የታጠፈ ፌስታል ወጣ። ረዳቱ «እንዳያንጠባጥብ ብዬ ነው» አለኝ። ክዳን ቀየርን፤ በማግሥቱ ሲሚንቶ ጭኖ አቀበቱን ወጣ። ባለቤቱ ለሁለቱ ጓርኒሲዮኖች ያወጣውን ገንዘብ ሲነግረኝ ረዳቱን ቀና ብሎ አላየውም።

ስትገዙ በአሮጌው ላይ የታተመውን ቁጥር ጠብቁ፤ ስፕሪንጉንም በአውራ ጣት ተጫኑት። ያለ ትግል የሚወርድ ከሆነ ቁጥሩ ምንም ቢል ለሻጩ መልሱለት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በጨርቅ ይዛችሁ ጨምቁት። ጠጣር መሆን አለበት፤ ከላላ ክዳኑ አይዝም፣ ወይም የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ጎማው ተመጥጦ ከተጣበቀ የክዳኑ መመለሻ ቫልቭ ተዘግቷል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ በደቂቃ ውስጥ ጎማው ከጠጠረ ግን የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ያን ጊዜ ቴስታታ ይፈታ።

ትኩስ ክዳን አትክፈቱ። በጨርቅም አትክፈቱ። ሾፌሩ ቸኩሏል ተብሎም አትክፈቱ። ደርቆ በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ መሰንጠቅ ነው።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት። ቴርሞስታት ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል፤ ከወጣ ትኩሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። በድስት ውሃ ስትፈትኑት ደግሞ አትሳሳቱ፦ 82 የተጻፈበት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፤ ደጋ ላይ ድስታችሁ እዚያ አይደርስም። መከፈት መጀመሩን ካያችሁ ደህና ነው።

የራዲያተሩ የላይኛው ክፍል ትኩስ፣ ታቹ ቀዝቃዛ ከሆነ በወንዝ ውሃ ደለል ተደፍኗል፤ ይጠረግ። ሞተሩ ግሎ ፋኑ በእጅ እንደ ልብ የሚሽከረከር ከሆነ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የፋን ክላች ሞቷል። ይህን ሞተሩን አጥፍታችሁ ሞክሩ።

አልነሳም ሲል

«ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ የባትሪ ጫፍና የሻሲ ገመድ አጽዱ። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እያዞረ ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም፤ አየር አስወጡ። ነጭ ጭስ እያወጣ ካልተነሳ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን እዩ።

አንዱ ግን የተለየ ነው። ትናንት ፈልቶ ያደረ መኪና ዛሬ ሞተሪኖው ገና ሲነካው «ድም» ብሎ ከቆመ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ሊኖር ይችላል። አትግፉት፤ በማርሽም አታስነሱት፤ ውሃ ስለማይታመቅ የፒስተኑ ክንድ ይጣመማል። ኢንጄክተሮቹን ፍቱና የናፍጣውን መስመር ዝጉ። ከዚያ በሞተሪኖ አዙሩት፤ ውሃው ወደ ላይ ይተፋልና ፊታችሁን ከቀዳዳዎቹ አርቁ።