የዶሮና የባሮ ሽንኩርት ፓይ፦ ከላይ ወርቅ፣ ከስር ሊጥ ሲሆን

እንግሊዝ አገር ብርዱ ሲገባ ከመጠጥ ቤቱም ከመኖሪያ ቤቱም የማይጠፋ ምግብ ነው። የተቀቀለ ዶሮ፣ በቅቤ የለሰለሰ ባሮ ሽንኩርት፣ ወፈር ያለ ነጭ ሶስ፣ ከላዩ ላይ ፓፍ ሊጥ። አሠራሩን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። ኦቨኑ ቀድሞ ይሙቅ፣ የፍሪዘሩ ሊጥ ይቅለጥ እያልኩ አላደክማችሁም። የምጽፈው ተሠርቶ ስለሚበላሸው ነው። ለንደን ወጥ ቤት ውስጥ ስለምሠራ ፓይ የተበላሸበት ዘመድ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ የሚደውለው በአንድ ነገር ነው።

ክዳኑ ከላይ ቀልቶ ከስሩ ጥሬ ሲሆን

ላዩ ተነፍቶ፣ ቀልቶ፣ ቢላ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ገልበጥ ስታደርጉት ግን ከስሩ ነጭ፣ የሚያጣብቅ፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ሊጥ ነው። ሰው ቶሎ ብሎ ኦቨኑን ይወቅሳል፤ ሃያ ደቂቃ ይጨምርና ላዩን ያሳርረዋል። ስሩ እዚያው ነው።

ኦቨኑ ምንም አላደረገም። መሙያው ትኩስ ሆኖ ነው ሊጡ የተደረበበት። ፓፍ ሊጥ ማለት ስስ ሊጥና ስስ ቅቤ ተደራርቦ የተጣጠፈ ነው። ቅቤው ቀዝቅዞ ኦቨን ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ ባንድ ጊዜ ይተናል፣ እንፋሎቱ ሽፋኖቹን ይለያያቸዋል፣ ሊጡም እንደተለያየ ይደርቃል። ከስሩ የሚፋጅ ሶስ ካለ ግን ቅቤው ኦቨኑን ሳያይ ይቀልጥና ሊጡ ውስጥ ይሰርጋል። ሽፋኖቹ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ቢጋገር አይነሳም። ላዩ የሚያምረው እሱን መሙያው ስላልነካው ነው።

አንዲት የአክስቴ ልጅ እንግሊዛዊት አማቷ ለምሳ ልትመጣ ስትል ሠራችው። አማቲቱ ጨዋ ናት፣ አንድም ነገር አልተናገረችም፤ ከክዳኑ ላይ ላዩን ብቻ በሹካ እየፈለጠች በልታ፣ የስሩን ነጭ ጠቅልላ የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ማታ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኦቨን መቀየር አለበት አይደል?»

«ድስቱ ከወረደ ስንት ደቂቃ ቆይተሽ ነው ሊጡን የደረብሽው?»

«ኧረ ወዲያው ነው! ትኩስ በትኩስ!»

ትኩስ በትኩስ ለእንጀራ ይሁን። እዚህ ላይ ጠላት ነው።

ሌላው ደግሞ «አቀዝቅዤዋለሁ» ብሎ የሚምል ነው። አንድ ወዳጄ ድስቱን ከነክዳኑ በረንዳ ላይ፣ ያውም በጥር ብርድ፣ አስቀምጦት ጠርዙ ላይ ጣቱን ነክሮ «በረዶ ሆኗል» ብሎ ደረበበት። ወፍራም ሶስ ሙቀት አይለቅም፤ ጠርዙ ሲቀዘቅዝ መሀሉ ገና ይፋጃል። ከነክዳኑ መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው፤ ክዳኑ ላይ ያጠራቀመው እንፋሎት ተመልሶ ሶሱ ላይ ውሃ ሆኖ ተንጠባጥቦ ነበር።

መፍትሄው ይሄ ነው። መሙያውን ከድስቱ አውጡና ሰፊ ላታ ላይ ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት ዘርጉት። ላዩ ቆዳ እንዳያወጣ ፕላስቲክ አስነክታችሁ አልብሱት። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቆይቶ ለብ ሲል ፍሪጅ ይግባ። ጠረጴዛ ላይ ለሰዓታት አይቀመጥ፤ ዶሮ ነው። የሚፈተነው በጣት ሳይሆን በማንኪያ ነው፤ ከመሀሉ ዛቅ አድርጋችሁ ማንኪያውን ስታጋድሉት መፍሰስ የለበትም፣ ተቆልሎ መቆም አለበት። ሊጡም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ከደረባችሁት በኋላ ሳህኑን በሙሉ ለሃያ ደቂቃ ፍሪጅ መልሱት፤ ከዚያ 200 ዲግሪ ኦቨን፣ ማራገቢያ ካለው 180፣ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ቀዝቃዛ ስለገባ መሀሉ መሞቁን አረጋግጡ፦ በክዳኑ የእንፋሎት ቀዳዳ ቢላ ሰክታችሁ አሥር ሰከንድ ቆዩና ከንፈራችሁን አስነኩት፤ ማቃጠል አለበት። ቴርሞሜትር ያለው 75 ይይ።

እንግዳ በር ላይ ቆሞ ማቀዝቀዣ ጊዜ ከሌለ? መሙያውን በሳህን አቅርቡ፣ ሊጡን ለብቻው ላታ ላይ ቆራርጣችሁ ጋግሩና ስትበሉ ላዩ ላይ አስቀምጡት። ብዙ ምግብ ቤትም እንዲሁ ያደርጋል። ፓይ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ጥሬ ሊጥ ከመብላት ይሻላል።

ታችም ሊጥ ካላችሁ፣ ለታች ፓፍ አታድርጉ። ተራውን የፓይ ሊጥ ቀድማችሁ ባዶውን ጋግሩት፤ ከሸክላ ይልቅ ስስ ብረት ሳህን ምረጡ፣ ኦቨን ውስጥ ቀድሞ በሞቀ ላታ ላይ አስቀምጡት።

ሲቆረጥ ሾርባ የሚሆነው

ይሄኛው የውሃ ችግር ነው፤ ውሃው በሦስት በር ይገባል።

አንደኛው ባሮ ሽንኩርቱ ነው። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። በቅቤና በትንሽ ጨው፣ በዝግታ፣ ተከድኖ አሥር ደቂቃ ይለስልስ፤ ከዚያ ክዳኑን አንሱና ያወጣው ውሃ እስኪያልቅ ጠብቁ። ጆሮ ነው የሚነግራችሁ፤ መንተክተኩ ቆሞ ቅቤው እንደገና ቺስ ማለት ሲጀምር ደርሷል። እጃችሁ ቁሌት የለመደ ከሆነ ተጠንቀቁ፦ ይለስልስ እንጂ አይቁላላ። የቀላ ባሮ ሽንኩርት ይመራል፣ ነጩን ሶስም ያጠቁረዋል።

ሁለተኛው ዶሮው ነው። ርካሹን የፍሪዘር ፍርምባ የምትገዙ ሰዎች ጥቅሉን አንብቡ፤ ውሃ የተጨመረበት እንደሆነ ይጽፋል። በዶሮ ዋጋ ውሃ ገዝታችሁ ሶሳችሁ ውስጥ ትለቁታላችሁ፣ ከዚያ ለእኔ ትደውላላችሁ። ማጠቡም አለ። በሎሚና በጨው ያልታጠበ ዶሮ አይበላም ብለን ነው ያደግነው። የዚህ አገር የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ደግሞ ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ነው የሚለው፤ የሚረጨው ውሃ ካምፒሎባክተር የሚባለውን ባክቴሪያ በየቦታው ስለሚያዳርስ። ከእናቶቻችን ጋር አላጣላችሁም። ግን አጥባችሁ፣ ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ድስት ውስጥ አትክተቱት። በሶፍት አድርቁት።

ሦስተኛው ሶሱ ነው። ለመብል የሚፈስ ሶስና ለፓይ የሚሆን ሶስ አንድ አይደለም። 50 ግራም ቅቤ፣ 50 ግራም ዱቄት፣ 400 ሚሊ ሊትር መረቅና ወተት፤ ከዚህ አታቅጥኑት። ዱቄቱ ቅቤው ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይብሰል፣ ፈሳሹ ጥቂት ጥቂት እያለ ይግባ። ጓጎለ? በመምቻ ምቱት፣ እምቢ ካለ አጥልሉት።

ከቀጠነ በኋላ ደረቅ ዱቄት አትነስንሱበት፤ እለምናችኋለሁ። ፈሳሹን አጥልላችሁ ለብቻው አፍሉትና ይመጠጥ፤ ወይም እኩል ቅቤና ዱቄት በሹካ አሽታችሁ በትንሽ በትንሹ እየጣላችሁ፣ እየመታችሁ ሁለት ደቂቃ አፍሉት።

አሸዋ

ባሮ ሽንኩርት ግንዱ ነጭ እንዲሆን ሲያድግ አፈር ይከመርበታል፤ አፈሩም በቅጠሎቹ መሀል ይገባል። ውጭውን ማጠብ ምንም አይጠቅምም። ቁመቱን ለሁለት ሰንጥቁት፣ ወይም ከትፋችሁ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ውስጥ አስጥሙትና አሸዋው ሲዘቅጥ ከላይ በእጅ እየዛቃችሁ አውጡት። ከነውሃው ማጥለያ ላይ የሚገለብጥ ሰው አሸዋውን መልሶ ነው የሚያፈስበት።

ዶሮው ደርቆ እንጨት ሲሆን

ፍርምባ አንዴ ተቀቅሎ፣ አንዴ ተጋግሮ ምን ይቅርለት? ታፋ አድርጉ። ፍርምባ ካልሆነ አልበላም ለሚል፣ ገና ሳይበስል አታውጡት፤ እስኪበስል ብቻ ቀቅሉ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ አትጨምሩ።

ከአዲስ አበባ ለምትደውሉ፦ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚህ የተጻፈ የመቀቀያ ሰዓት አይሠራላችሁም። በተለይ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ሥጋው በሹካ እስኪፈታ ቀቅሉት፣ ሰዓት አትዩ። መረቁ ግን ከዚህኛው ዶሮ በብዙ ይበልጣልና እንዳትደፉት። ለጋ ቅቤ ለሊጥ አይሆንም፣ ውሃ ይበዛበታል፤ የገበታ ቅቤ ፈልጉ። የተነጠረውን ከነኮረሪማው የምታስገቡም አላችሁ፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን ሌላ ምግብ ነው።

ሌሎቹ ባጭሩ

ክዳኑ መሀሉ ከሰመጠ፣ ሳህኑ አልሞላም ወይም ቀዳዳ የለውም። መሀሉን ሰንጠቅ አድርጉ፤ እንግሊዞች ለዚሁ የሚተክሏት አፏ የተከፈተ የሸክላ ወፍ አለች፣ ክዳኑንም ትደግፋለች።

ጠርዙ ብቻ ካልተነፋ፣ እንቁላሉ በተቆረጠው ጎን ላይ ወርዶ ሽፋኖቹን አጣብቋል፤ ወይም ቢላው ዶልዱሟል።

ጨው ከበዛ፣ የመረቅ ኩቡ ነው። ሶሱ ተሠርቶ ሳያልቅ ጨው አትጨምሩ።

ጣዕም ካጣ፣ በርበሬ አይደለም የጎደለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ጦስኝ፣ ቁንዶ በርበሬ።

ሊጡ ቅቤ ቅቤ ካላለ፣ የገዛችሁት በአትክልት ዘይት የተሠራውን ነው። አትጣሉት፤ ጥቅሉ ላይ ወተትም ቅቤም ከሌለ ባሮ ሽንኩርትና እንጉዳይ በዘይት ሠርታችሁ ለጾም ይሆናል።

በማግስቱ ክዳኑ ልፋጭ ከሆነ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከታችሁት ነው። 180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ መሀሉ እስኪፋጅ ይቆይ፤ ላዩ ቶሎ ከቀላ ፎይል አልብሱት። አንዴ ያሞቃችሁትን መልሳችሁ አታሙቁ።