ሲኤምኤም ላይ ፍላትነስና ፕሮፋይል ስንለካ

ይህን የጻፍኩት ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ጥራት ቁጥጥር ላይ ለምትሠሩ ልጆች ነው። ሲኤምኤሙ (ዕቃውን በፕሮብ፣ ማለትም በመንኪያ ጫፉ፣ እየነካ የሚለካው ማሽን) ስክሪን ላይ የሚያወጣው ቁጥር የፒሱ፣ ማለትም የምንለካው ዕቃ፣ ልክ ይመስለናል። አይደለም። የነካናቸው ነጥቦች ልክ ነው፤ ያውም በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ ባስቀመጥነው አቀማመጥ። አዲስ ልጅ ሳሠለጥን ከሶፍትዌሩ በፊት የማስጨብጠው ይህን ነው።

አንድ የብረት ሞልድ ቤዝ (ሞልዱ የሚገጠምበት ጠፍጣፋ ብረት) እንውሰድ። ርዝመቱ 400፣ ወርዱ 300፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር። ድሮዊንጉ (የሥራ ንድፉ) ለላይኛው ገጽ ፍላትነስ (ዝርግነት) 0.03 ሚሊ ሜትር ይላል። መሃሉ ላይ ላለው ጎባጣ ገጽ ደግሞ ፕሮፋይል (ገጹ ከንድፉ ቅርጽ ምን ያህል ሊለይ እንደሚችል) 0.1፣ ከዴተም (ልኬቱ ከሚነሳባቸው የፒሱ ገጾች) ኤ፣ ቢ እና ሲ አንጻር።

ፍላትነስ ዴተም የለውም። ምጣድ ጉልቻ ላይ ዘንበል ብሎ ቢጣድ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ምጣዱ ግን ያው ለጥ ያለ ነው። ፍላትነስ የሚጠይቀው ገጹ በሁለት ትይዩ ጠለሎች መካከል፣ 0.03 ውስጥ፣ ይገባል ወይ ብቻ ነው። ማዘንበሉ ሌላ ጥያቄ ነው። ፕሮፋይል ዴተም ሲኖረው ግን ቅርጹንም፣ ቦታውንም፣ አቅጣጫውንም አንድ ላይ ይይዛል።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ። የእኛ አገር ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ትለበልባለች። የልኬት መነሻ ሙቀት ግን በዓለም ሁሉ 20 ዲግሪ ነው። ብረት በአንድ ሜትር ርዝመት፣ ለአንድ ዲግሪ፣ 11.5 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ይረዝማል። ቤዙ 12 ዲግሪ ላይ ከተለካ ርዝመቱ 37 ማይክሮን ያህል አጥሮ ይገኛል። ትክክለኛው ሙቀት ከተነገረው ይህን ሶፍትዌሩ ያስተካክላል።

የባሰው ላዩና ታቹ እኩል ያልሞቀ ፒስ ነው። ላዩ ከታቹ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢበልጥ ይህ ቤዝ በርዝመቱ ብቻ መሃሉ ወደ ላይ 9 ማይክሮን ያህል ይጎብጣል። ከተፈቀደልን 30 ማይክሮን ሲሶው ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ ፒሱ አንድም ጥፋት ሳይኖርበት! ይህን ደግሞ ሶፍትዌር አያስተካክልም። ስለዚህ ፒሱን ከዋዜማው መለኪያ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፣ መስኮት ሥርም አታቁሙት። ማሞቂያ ካለ ነፋሱ በቀጥታ ማሽኑን አይምታው። ጠዋት ከኮምፕረሰሩና ከማድረቂያው ውሃውን ማፍሰስም እንዳትረሱ፤ ማሽኑ የሚንሸራተተው በአየር ላይ ነው፣ እርጥበት ይጎዳዋል።

ፒሱን በደንብ ጥረጉ፣ ጠርዙ ላይ የቀረውን የብረት ቁርጥራጭ አንሱ። ከዚያ በሦስት መደገፊያ ላይ አስቀምጡት። አራት ከሆነ አንዱ ወይ አይነካም ወይ ፒሱን ያጣምመዋል። ክላምፕ ስታደርጉ (ስታስሩት) እንዳይንቀሳቀስ ያህል ብቻ ይሁን፣ ያውም ልክ ከመደገፊያው በላይ። በኃይል ተጠርንፎ የተለካ ፍላትነስ፣ ክላምፑ ሲፈታ አብሮ ይፈታል። ድሮዊንጉ ራሱ ታስሮ ይለካ ካለ ግን እንዳለው ነው።

ፕሮቡን በማጣቀሻው (ልኩ በታወቀው) ኳስ ካሊብሬት አድርጉ። የሚያወጣውን የቅርጽ ስህተት ሳታዩ አትለፉት፤ ከወትሮው ከፍ ካለ ጫፉ ቆሽሿል ወይ ላልቷል። ስታይለሱ (የፕሮቡን ኳስ የያዘው ዘንግ) የሚበቃውን ያህል አጭር ይሁን። ለብረት የሩቢ ኳስ ጥሩ ነው። አሉሚኒየም እየጎተታችሁ ስካን የምታደርጉ ከሆነ ግን አሉሚኒየሙ ሩቢው ላይ ስለሚጣበቅ የሲሊከን ናይትራይድ (የሴራሚክ) ኳስ ይሻላል።

ነጥቦቹስ ስንት ይሁኑ? ሦስት ነጥብ ብትወስዱ ፍላትነሱ ምንጊዜም ዜሮ ነው፤ በሦስት ነጥብ ሁሌም አንድ ጠለል ያልፋልና። አራት ነጥብ ወስዶ “አለፈ” የሚል ሪፖርት ሳይ በጣም ያሳስበኛል። ለዚህ ቤዝ እኔ በርዝመቱ 7፣ በወርዱ 5 አድርጌ እጀምራለሁ። ከጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ እላለሁ፤ ብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ ደግሞ እጨምራለሁ፣ ገጹ እዚያ ከፍ የማለት ጠባይ አለውና። ከዚያ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ካርታውን (የቱ ቦታ ከፍ፣ የቱ ዝቅ እንዳለ የሚያሳየውን) እዩ። አንድ ነጥብ ለብቻው ከወጣ አትሰርዙት። ቦታውን ጠርጋችሁ ድገሙት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ብዙ ሶፍትዌር ፍላትነሱን በሊስት ስኩዌርስ (በነጥቦቹ አማካይ ከሚያልፍ ጠለል ተነስቶ) ያሰላል። ስታንዳርዱ የሚፈልገው ግን ሚኒመም ዞን (ነጥቦቹን ሁሉ የሚይዙ፣ በተቻለ መጠን የተቀራረቡ ሁለት ትይዩ ጠለሎች) ነው። ሊስት ስኩዌርስ የሚሰጠው ቁጥር ከሚኒመም ዞን አያንስም፣ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። 0.032 ብሎ የጣለውን ፒስ ከማስወገዳችሁ በፊት ስሌቱን ቀይሩና እዩ።

ለፕሮፋይል መጀመሪያ አላይንመንት (ማሽኑ ፒሱ የት እንዳለ እንዲያውቅ ማድረግ) ነው፤ ዴተሞቹን ድሮዊንጉ በጻፋቸው ቅደም ተከተል ያዙ። ነጥቦቹን ከካዱ (ከኮምፒውተር ንድፉ) ሞዴል ውሰዱ፣ ፕሮቡም ለገጹ ቀጥ ብሎ ይምጣ። በሰያፍ ከመጣ የኳሱ ራዲየስ ሂሳብ ይዛባል። 0.1 ማለት ድሮዊንጉ ሌላ ካላለ ከትክክለኛው ገጽ ወደ ውጭ 0.05፣ ወደ ውስጥ 0.05 ነው። አንድ ነጥብ +0.06 ካሳየ ሌላው ሁሉ ዜሮ ቢሆንም ፒሱ ወድቋል፤ ሪፖርት የሚደረገውም እጥፉ፣ 0.12 ነው። ቤስት ፊት አድርጎ (ዴተሙን ትቶ ነጥቦቹን ንድፉ ላይ በተሻለ እስኪገጥሙ አንሸራትቶ) ማሳለፍ ደንበኛን ማታለል ነው። ለምርመራ ግን ተጠቀሙበት። ቤስት ፊት ሲደረግ ስህተቱ ከጠፋ ቅርጹ ደህና ነው፣ ችግሩ ፒሱ ሲፈለፈል የተያዘው መነሻ (ዜሮ) ቦታ ላይ ነው። ካልጠፋ ቅርጹ ራሱ ተበላሽቷል፤ መቁረጫውንና ፕሮግራሙን ፈትሹ።

ስትጨርሱ ፒሱን 180 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙ። ጉብታው ከፒሱ ጋር ከዞረ የፒሱ ነው። ባለበት ከቀረ መደገፊያውን፣ ፕሮቡንና ማሽኑን መርምሩ። ሪፖርቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን ሙቀቱን፣ የነጥቦቹን ብዛትና የስሌቱን ዓይነት ጻፉ።