የድሮ ፎርድ ፒክአፕ ሞተር አናቱ ላይ ዘይት መድረሱን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ከሞተሩ አናት ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ወይም ቀጭን ሲጥሲጥታ ከሰማችሁ፣ «የዘይት ጌጁ ደህና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጌጁ የሚለካው ታች ዋናው መስመር ላይ ያለውን ግፊት ነው። አናት ላይ ያሉት ሮከሮች (ቫልቮቹን ተጭነው የሚከፍቱት ክንዶች) ዘይት ይድረሳቸው አይድረሳቸው አይናገርም።

በዚህ ችግር ስሙ ከሚነሳ ሞተር አንዱ፣ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1964 በኤፍ-100 ፒክአፖቹ ላይ ይገጥመው የነበረው ዋይ ብሎክ ቪ8 ነው። መጀመሪያ የዘይቱን መንገድ እንወቅ። ፓምፑ ዘይቱን ወደ ዋናው መስመር ይገፋል። ከዚያ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ተሽከርካሪ ብረት) ወደሚያርፍበት መሃለኛው ብሮንዚን ይሄዳል፤ ለሁለት ተከፍሎም በብሎኩና ከላዩ በተገጠመው ቴስታታ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ሮከሮቹ የተሰኩበት ባዶ ዘንግ ውስጥ ይገባል። የዚያው ዘመን የቼቭሮሌት ቪ8 ግን ዘይቱን የሚልከው ውስጣቸው ባዶ በሆነ ፑሽሮዶች (ሮከሮቹን ከታች በሚገፉ ቀጫጭን ብረቶች) ነው። ለእሱ የተሰጠ ምክር እዚህ አይሠራም።

የፎርዱ መንገድ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ዝቃጭ በቀላሉ ይዘጋዋል። ያኔ በብዛት ይሞላ የነበረው ማጽጃ ያልተቀላቀለበት ዘይት ደግሞ ነገሩን አባብሶታል።

ሞተሩን አሙቁና አጥፉት። ሁለቱንም የቫልቭ ክዳኖች አንሱ፤ አንዱ ጎን ረጥቦ ሌላው ሊደርቅ ይችላል። አስነሱና በሚኒሞ ተዉት። ዘይቱ ይረጫል ብላችሁ አትጠብቁ። በየሮከሩ ሥር ቀስ እያለ ካዠና ወደ ቫልቩ ስፕሪንግ ከተንጠባጠበ በቂ ነው። ጨርቅ ይኑራችሁ፤ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የፈሰሰ ዘይት እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ደረቅ ከሆነ ወዲያው አጥፉ። የሮከሮቹን ዘንግ ብሎኖች ትንሽ ትንሽ፣ በየተራ ፍቱ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ የስፕሪንጉ ግፊት ዘንጉን ያጣምመዋል። ሮከሮቹንና ፑሽሮዶቹን በቅደም ተከተላቸው አስቀምጡ። የዘንጉን የጫፍ መድፈኛ አውጥታችሁ ውስጡን አጽዱ። ብዙ ጊዜ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝቃጭ ይወጣል።

ወሳኙ ፍተሻ አሁን ነው። የካንዴላውን እሳት አቋርጡና ሞተሩን በሞተሪኖ አዙሩት። ቴስታታው ላይ ካለው ቀዳዳ ዘይት ብቅ ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ጥፋቱ የዘንጉ ነበር። ካልወጣ ቀዳዳውን በለስላሳ ሽቦና በማጽጃ ሞክሩና ደግማችሁ አዙሩ። አሁንም ዝም ካለ የመሃለኛው ብሮንዚን ተበልቶ ወይም ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ካምሻፍት የሚያስወጣ ሥራ ነው። በውጭ በኩል በቀጭን ቱቦ ዘይት ወደ ዘንጉ የሚያደርስ መፍትሔም አለ። እኔ አልመርጠውም። አናቱን ያረጥባል እንጂ የተበላውን ብሮንዚን አያድንም።

ስትገጥሙ የዘንጉ የዘይት ቀዳዳዎች ወደ ታች ይዙሩ፤ ጭነቱ የሚያርፈው በዚያ በኩል ነው። ሮከሮቹን በዘይት አርሱ፣ ብሎኖቹን እኩል እኩል አጥብቁ፣ የቫልቭ ክፍተቱን በመመሪያው ልክ አስተካክሉ። ክዳኑን ከመመለሳችሁ በፊት ግን አስነሱና እያንዳንዱ ሮከር፣ በተለይ ጫፍና ጫፍ ያሉት፣ መርጠቡን በዓይናችሁ እዩ።