መልስ ለዘገየባችሁ፦ ኤርምያስ 29ን ከቁጥር 4 ጀምሩ

የጸሎታችሁ መልስ ሲዘገይ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29ን ከቁጥር 4 ጀምራችሁ አንብቡ። አብዛኞቻችን በቃላችን የያዝነው ስለ ተስፋ የሚናገረውን ቁጥር 11ን ብቻ ነው፤ በየሳሎኑ ግድግዳ የሚሰቀለውም እርሱ ነው። ክፍሉ ግን ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የላከው ደብዳቤ ሲሆን፣ የሚመለሱት 70 ዓመት ሲፈጸም መሆኑን ነግሯቸው፣ እስከዚያው ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩና ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዛቸዋል። እናንተም ሥራ፣ ትዳር ወይም የቪዛ መልስ እየጠበቃችሁ «ያ ከሆነ በኋላ» ብላችሁ ካቆያችኋቸው ነገሮች አንዱን፣ ለምሳሌ ያቋረጣችሁትን ትምህርት ወይም የታመመ ዘመድ ጥየቃ፣ በዚህ ሳምንት ጀምሩ። ልመናውም ሳይቋረጥ ይቀጥል፤ ቁጥር 12 የሚናገረው ስለዚሁ ነው።